ከእኛ ልጆች ጎን የሮጠችው አግነስ

በ2014 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ማግስት፣ ጀርመን ውስጥ ሄርሶገናውራኽ በምትባል ትንሽ ከተማ የጎዳና ላይ ሩጫ ነበር። ከተማዋ የአዲዳስ ዋና መሥሪያ ቤት መገኛ ናት፤ ውድድሩንም ያሰናዳው ኩባንያው ራሱ ነው። ጎዳናው ሜዳ፣ የተጋበዙት ሯጮች ጥቂትና የተመረጡ፣ ሁሉ ነገር ሰዓት ለማሻሻል የታሰበ። በ5 ኪሎ ሜትር ሰንበሬ ተፈሪ በ14 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ገብታ፣ ሴቶች ለብቻቸው በሚሮጡበት ውድድር የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። አዲስ አበባ ላይ የበዓሉ ቄጤማ ገና ከወለል አልተጠረገም ነበር። ዜናው የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ የምሥራች ሆኖ ደረሰን።

በዚያው ቀን፣ በዚያው ጎዳና ላይ አንዲት ኬንያዊት የ10 ኪሎ ሜትሩን ክብረ ወሰን ሰበረች። አግነስ ጄቤት ቲሮፕ። ሰዓቷ 30 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ። ከእሷ በፊት የነበረውን 30 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ሞሮኳዊቷ አስማ ለግዛዊ ያስመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ 19 ዓመት ሙሉ የደፈረው አልነበረም። እንዲህ ያለ ክብረ ወሰን ብዙ ጊዜ የሚሻሻለው በጥቂት ሰከንዶች ነው። አግነስ 28 ሰከንድ ቀነሰችበት። አንዱን ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ ለምትሮጥ ሴት 28 ሰከንድ ማለት ከ150 ሜትር በላይ ነው። የቀድሞዋ ባለ ክብረ ወሰን በዚያ ሰዓቷ አብራት ብትሮጥ ኖሮ፣ አግነስ መስመሩን ስትረግጥ እሷ ገና በሩቅ ትታይ ነበር።

ከዚያ በኋላ የኖረችው 31 ቀን ነው። ረቡዕ ጥቅምት 3 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢቴን ከተማ በሚገኘው ቤቷ ውስጥ በስለት ተወግታ ሞታ ተገኘች። 26ኛ ዓመቷን ልትደፍን 10 ቀን ቀርቷት ነበር።

ይህን የምጽፈው የአግነስ ሞት እኛ ዘንድ የጎረቤት አገር ወሬ ሆኖ ማለፉ ስለሚቆጨኝ ነው። ሩጫ የሚወድ ኢትዮጵያዊ አግነስን ያውቃታል፤ ስሟን ባያስታውስ እንኳ ፊቷን ያውቀዋል። የእኛ ልጆች ሜዳሊያ ያጠለቁባቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ አውጥቶ ቢያይ፣ ከጎናቸው ቆማ ያገኛታል።

በ2004 ዓ.ም. ክረምት ባርሴሎና ላይ በተካሄደው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና 5 ሺህ ሜትሩን ቡዜ ድሪባ አሸነፈች፣ ሩቲ አጋ ተከተለች፣ ሦስተኛዋ የ16 ዓመቷ አግነስ ነበረች። በሁለተኛው ዓመት ዩጂን ላይ ወርቁና ብሩ የሁለት አለሚቱዎች ሆነ፤ አለሚቱ ሀሮዬና አለሚቱ ሀዊ። ነሐሱ እንደገና የአግነስ። በመካከሉ በፖላንዷ ቢድጎሽች በወጣቶች አገር አቋራጭ ከአገሯ ልጅ ከፌይዝ ኪፕዬጎን ቀጥላ ሁለተኛ ወጥታለች፤ ሦስተኛዋ ያው አለሚቱ ሀሮዬ ነበረች። እንዲህ እያሉ አብረው አደጉ። ቋንቋቸው ሌላ፣ መለያቸው ሌላ፣ ግን ከዓመት ዓመት በአንድ መነሻ መስመር ላይ እየተገናኙ አንዷ የሌላዋን ትንፋሽ እስክታውቅ ድረስ የተጠናኑ ልጆች ነበሩ።

የአግነስን ችሎታ ዓለም የተቀበለው መጋቢት 19 ቀን 2007 ዓ.ም. በቻይናዋ ጉዪያንግ ነው። የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና፣ የአዋቂ ሴቶች 8 ኪሎ ሜትር። የዚያን ቀን ጠዋት የእኛ ደስታ በወጣቶቹ ተጀምሮ ነበር፤ ያን ጊዜ ብዙ ሰው የማያውቃት ለተሰንበት ግደይ የወጣት ሴቶቹን ውድድር አሸንፋለች። በአዋቂዎቹ ግን የ19 ዓመቷ አግነስ መጨረሻው ላይ ፍጥነት ስትጨምር ሰንበሬ ተፈሪና ነፃነት ጉደታ ሊደርሱባት አልቻሉም። 26 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ ገባች፤ ሰንበሬ በ5 ሰከንድ፣ ነፃነት በ10 ሰከንድ ተከታትለው ደረሱ። በቡድን ኢትዮጵያ 17፣ ኬንያ 19 ነጥብ ስለነበራቸው ወርቁ የእኛ ሆነ። በግል ግን ዕለቱ የአግነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ዞላ በድ ካሸነፈች ወዲህ በዚያ ዕድሜ የአዋቂ ሴቶችን አገር አቋራጭ ያሸነፈ አልነበረም።

ከ2009 ዓ.ም. የለንደን የዓለም ሻምፒዮና የምናስታውሰው አልማዝ አያናን ነው። ዓመቱን ሙሉ ሳትወዳደር መጥታ 10 ሺህ ሜትሩን ብቻዋን ሮጣ፣ ሁለተኛዋን በ46 ሰከንድ ጥላ ገባች። ከኋላዋ የነበረው ትግል ግን ከዚያ ያላነሰ ነበር። ጥሩነሽ ዲባባ በ31 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ከ69 ማይክሮ ብሯን ስትወስድ፣ አግነስ የገባችው በ31 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ከ50 ነው። ጥሩነሽን ለማለፍ እስከ መጨረሻዋ እርምጃ ድረስ ተስፋ ያልቆረጠች የ21 ዓመት ልጅ ነበረች። በዶሃው የዓለም ሻምፒዮና 10 ሺህ ሜትር ደግሞ ሲፋን ሀሰን ለኔዘርላንድስ ወርቁን፣ ለተሰንበት ብሩን፣ አግነስ አሁንም ነሐሱን ወሰዱ። ቶኪዮ ኦሊምፒክ 5 ሺህ ሜትር ላይ ጉዳፍ ፀጋይ ነሐስ ስታገኝ ደስ ብሎን ነበር፤ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት አራተኛ ሆና ያን ነሐስ ያጣችው አግነስ ናት።

የመጨረሻ ሩጫዋም ከአንዲት የእኛ ተወላጅ ጋር ነው። መስከረም 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ለባህሬን የምትሮጠው ቃልኪዳን ገዛኸኝ ወንዶችም ሴቶችም አብረው በሚሮጡበት ውድድር 10 ኪሎ ሜትሩን በ29 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበች። አግነስ በ30 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሁለተኛ ወጣች። ከዚያ ወደ አገሯ ተመለሰች።

ኢቴን

ኢቴን ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ላይ፣ የኬሪዮ ሸለቆ ከሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። መግቢያዋ ላይ የሻምፒዮኖች መኖሪያ መሆኗን የሚናገር ቅስት ቆሟል። አየርላንዳዊው መምህር ብራዘር ኮልም ኦኮኔል ቅዱስ ፓትሪክ ትምህርት ቤት ገብተው ልጆች ማሠልጠን ከጀመሩ ጀምሮ፣ ከተማዋ የዓለም ሯጮች ሁሉ መናኸሪያ ሆናለች። ጎህ ሲቀድ ቀዩ የአፈር መንገድ በሯጭ ይሞላል። ሱሉልታን ወይም እንጦጦን በማለዳ ያየ ሰው እዚያ እንግዳ አይሆንም፤ ቅዝቃዜው፣ አቧራው፣ የነጠላ ሰልፉ፣ ከፊት የሚመራው ወንድና ከኋላው የተከተሉት ሴቶች ሁሉ ያው ናቸው።

ልብ የሚባለው ይህ የመጨረሻው ነው። ሴት ሯጭ ፍጥነቷን እንድታሻሽል ከእሷ ፈጥኖ የሚሮጥ ሰው ያስፈልጋታል። እኛ አሯሯጭ የምንለው ማለት ነው። ስለዚህ ከልምምዷ ጀምሮ የአንድ ወንድ ጉልበት አጠገቧ ይኖራል። ኬንያ ውስጥ፣ በተለይ በኢቴንና በኤልዶሬት ዙሪያ፣ ይህ ሰው ብዙ ጊዜ በአሯሯጭነት ብቻ አይቀርም። ልጅቱ ከገጠር ስትመጣ ጫማ የላትም፤ እሱ ይገዛላታል። ማደሪያ የላትም፤ ያስጠጋታል። ማናጀር አታውቅም፤ ያገናኛታል። ከዚያ አሰልጣኜ ነው ትላለች። ከዚያ ባሏ ይሆናል። የባንክ ሂሳቡ፣ የመሬቱ ካርታ፣ የመኪናው ሊብሬ፣ ከአውሮፓ ማናጀር ጋር የሚደረገው የስልክ ንግግር፣ ሁሉም በአንድ እጅ ይጠቃለላል። ልጅቱ ሃያ ሳይሞላት አሰልጣኟም፣ ሥራ አስኪያጇም፣ ገንዘብ ያዧም፣ የአልጋ ተጋሪዋም አንድ ሰው ይሆናል። ከእሱ ጋር ብትጣላ አቤት የምትልለት ሌላ ሰው በዚያ ክበብ ውስጥ የለም።

ገንዘቡ ደግሞ ትንሽ አይደለም። በዓለም አገር አቋራጭ አንደኛ የወጣ ያን ጊዜ 30 ሺህ ዶላር ይሸለም ነበር። በዓለም ሻምፒዮና የነሐስ ሜዳሊያ ደግሞ 20 ሺህ። ጉዪያንግ፣ ለንደንና ዶሃ ሲደመሩ ለአግነስ 70 ሺህ ዶላር ያመጣሉ፤ ለማናጀር የሚቆረጠው ድርሻና ግብር ከመነሳቱ በፊት ማለት ነው። በዚህ ላይ የጫማ ኩባንያ ውል አለ፣ ለክብረ ወሰን የሚከፈል ቦነስ አለ፣ በየጎዳና ሩጫው የሚሰጥ የተሳትፎ ክፍያ አለ። አግነስ በተወለደችበት በናንዲ ወረዳ ከአንድ ሄክታር ያነሰ ማሳ ለሚያርስ ገበሬ ይህ በዕድሜ ልክ የማይታይ ገንዘብ ነው። አንድ ሩጫ መሬት ይገዛል፤ ሁለት ሩጫ የሚከራይ ቤት ያሠራል።

ቤተሰቧ ለጋዜጠኞች እንደተናገሩት፣ ከባሏ ጋር የተዋወቀችው ገና ተማሪ ሳለች ነው፤ ወላጆቿም ነገሩን ከመነሻው አልወደዱትም። ኋላ ትዳሩ መበጥበጡንና በገንዘቧ በተገዛው ንብረት ሳቢያ ጭቅጭቅ መኖሩንም ነግረዋል። ሬሳዋ ሲገኝ ባሏ ቤት አልነበረም። ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ፖሊስ ገዳዩን ፈጥኖ እንዲይዝ አዘዙ። በማግስቱ ማታ ባልየው ከኢቴን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ሞምባሳ ውስጥ ቻንጋምዌ በሚባል ሰፈር ተያዘ፤ ፖሊስ ከአገር ሊወጣ ሲል ነው ብሏል። በነፍስ ግድያ ተከሶ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ድርጊቱን ካደ። ከሁለት ዓመት እስር በኋላ በኅዳር 2016 ዓ.ም. አካባቢ ፍርድ ቤቱ በ400 ሺህ የኬንያ ሽልንግ ዋስ እንዲለቀቅ ፈቀደ። በእሱ ላይ መፍረድ የዳኞች ሥራ ነው፤ ስሙንም እዚህ አላነሳም። እኔ የማወራው ስለዚያ ቤት አሠራር ነው፤ አንዲት ሴት የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብራ ወደ ቤቷ ስትመለስ ስጋት የሚሆንባት ቤት እንዴት እንደሚሠራ።

አግነስ የተቀበረችው በናንዲ፣ በተወለደችበት መንደር፣ ቅዳሜ ጥቅምት 13 ቀን ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 መሆኑ ነው፤ 26 ዓመት የሚሞላት ዕለት። ለልደቷ የሚሰበሰቡት ሰዎች ለቀብሯ ተሰበሰቡ። የኬንያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን በአገሪቱ ውድድር ሁሉ ለሁለት ሳምንት እንዲቆም አድርጎ ነበር። አግነስ በሞተችበት በዚያው ሰሞን ኤዲት ሙቶኒ የምትባል አጭር ርቀት ሯጭም ተገድላ ነበር፤ ስለ እሷ ግን ብዙም የተባለ የለም። ሜዳሊያ አልነበራትም።

ከኢቴን እስከ ኤንደቤስ

አግነስ ከሞተች ስድስት ወር ካለፈ በኋላ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በዚያችው በኢቴን ሌላ ሬሳ ተገኘ። ዳማሪስ ሙቴ ሙቱዋ፣ የ28 ዓመት ሴት፣ ትውልዷ ኬንያ ሆኖ ለባህሬን የምትሮጥ። ታንቃ ነበር የሞተችው። ፖሊስ ተጠርጣሪው የወንድ ጓደኛዋ መሆኑን ገለጸ፤ ዜግነቱም ኢትዮጵያዊ ነው አለ። ይህን ሳነብ የተሰማኝን ማስታወስ አልወድም። ነገሩ የኬንያ ወንዶች ጉዳይ ነው የሚል ሰው ካለ፣ በዚያ መዝገብ ላይ የተጻፈው አገር የማን እንደሆነ ይመልከት።

ከዚያ ርብቃ ቼፕቴጌ። ዑጋንዳዊት፣ የአገሯ መከላከያ ሠራዊት አባል፣ በተራራ ሩጫ የዓለም ሻምፒዮን የነበረች፣ በ2016 ዓ.ም. ክረምት በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን 44ኛ የወጣች። ልምምዱ ይመቸኛል ብላ በኬንያ ድንበር አካባቢ፣ ትራንስ ንዞያ ውስጥ፣ ኤንደቤስ በሚባል ቦታ መሬት ገዝታ ቤት ሠርታ ነበር። እሑድ ነሐሴ 26 ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን ከልጆቿ ጋር ስትመለስ፣ አብሯት ይኖር የነበረ ሰው ቤንዚን አርከፍክፎ አቃጠላት። ልጆቿ አዩ። ኤልዶሬት ሆስፒታል ገብታ በአራተኛው ቀን ሞተች። ሰውየውም በዚያው እሳት ቆስሎ ኖሮ ከእሷ በኋላ ሞተ። የጠቡ መነሻ ያ ቤት የተሠራበት መሬት ነበር። አባቷ ሰውየው ልጃቸውን እንደሚያስፈራራት ለፖሊስ አስቀድመው አመልክተው እንደነበር ተናግረዋል። የተገዛው በእሷ ገንዘብ፣ የተሮጠው በእሷ እግር፤ ነገር ግን መሬቱ የእኔ ነው ማለት ነፍሷን አስከፈላት።

የአግነስንና የርብቃን ሞት አንድ የሚያደርገው ሯጭነታቸው ብቻ አይደለም። ገንዘብ ሴትን ነፃ ያወጣል ሲባል እንሰማለን፤ እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲህ አምን ነበር። ሆኖም በእነዚህ ቤቶች ውስጥ አደጋው የመጣው ሴትየዋ ድሃ ሳለች ሳይሆን ሀብት ካፈራች በኋላ፣ ያፈራችውንም በራሷ ስም ማስተዳደር ስትጀምር ነው። እስከዚያ ድረስ ተቆጣጣሪው ሰው የሚያጣው ነገር አልነበረም። ልጅቱ የሂሳቡን ደብተር አሳየኝ ስትል፣ ወይም ሻንጣዋን ይዛ ወደ ካምፕ ስትሄድ፣ እሱ በአንድ ቀን ሚስቱንም ሥራውንም ገቢውንም ያጣል። በሴቶች ላይ ስለሚፈጸም ግድያ ያጠኑ ብዙ ሰዎች የሚስማሙበት ነገር አለ፤ ሴት በጣም ለአደጋ የምትጋለጠው ተለይታ በምትወጣበት ሰሞን ነው። አግነስንም ርብቃንም ይህ ሰሞን ነው የወሰዳቸው።

ኬንያውያን ሴት ሯጮች ዝም አላሉም። ጥቅምት 28 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ አግነስ ከሞተች አንድ ወር ሳይሞላ፣ ቪዮላ ቼፕቱ ላጋት ኒው ዮርክ ላይ የመጀመሪያ ማራቶኗን ሮጣ በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ሁለተኛ ወጣች። ሦስተኛዋ አባብል የሻነህ ናት፤ ከኋላዋ የደረሰችው በ8 ሰከንድ ብቻ ነው። ቪዮላ በዚያ ሰሞን ከሜዳሊያው ይልቅ ስለ ጓደኛዋ አወራች። ከዚያ ከሌሎች ሯጮች ጋር ሆና የቲሮፕ መላእክት የሚባል ድርጅት አቋቋመች። ሥራቸው ቀላል ይመስላል፤ ግን ማንም ያልሠራው ነው። ወደየካምፑና ወደየትምህርት ቤቱ እየሄዱ ልጆቹን ሰብስበው ያነጋግራሉ፤ የተደበደበችውን ይሰማሉ፤ ከቤት ወጥታ የምታድርበት ላጣች ማረፊያ ይፈልጋሉ። ሜሪ ንጉጊ ደግሞ ሴቶች ብቻ የሚኖሩበትና የሚሠለጥኑበት ናላ የተባለ ክበብ ከፈተች፤ ሴት አሰልጣኞች እንዲኖሩም ገፋች። በየካቲት 2014 ዓ.ም. ኤልዶሬት ላይ የተካሄደው ዓለም አቀፍ አገር አቋራጭ ውድድር የአግነስን ስም ይዞ ተካሂዷል።

የአገሪቱ ቁጥር ግን የሯጮቹን ሰፈር አልፎ ይሄዳል። በኬንያ የ2022 (እ.ኤ.አ.) የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ከ15 ዓመት ጀምሮ አካላዊ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች 34 በመቶ ናቸው። በጥር 2016 ዓ.ም. በናይሮቢና በሌሎች ከተሞች በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች አደባባይ ወጥተው መገደል ይብቃን አሉ። በኢትዮጵያ የ2016 (እ.ኤ.አ.) ተመሳሳይ ጥናት ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቅ 23 በመቶ አገኘ። ይህን አይቶ እኛ እንሻላለን የሚል እንዳይኖር፣ ያው ጥናት ጥቃት ከደረሰባቸው ኢትዮጵያውያት ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ለማንም ተናግረው፣ እርዳታም ጠይቀው እንደማያውቁ ይነግረናል።

እኛ ጋ

ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ በአንድ በኩል ይለያል። እኛ ጋ አብዛኛው ሯጭ በክለብ ውስጥ ያልፋል፤ መከላከያ፣ ንግድ ባንክ፣ ማረሚያ፣ ኦሮሚያ ፖሊስ። ክለብ ደመወዝ ይከፍላል፣ አሰልጣኝ ይመድባል፣ ማደሪያ ይሰጣል። ከበቆጂ ወይም ከሌላ ወረዳ የመጣች የ16 ዓመት ልጅ ጫማ ለማግኘት የማንንም ወንድ ደጅ ላትጠና ትችላለች። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የክለቡን አሠራር የሚያናንቁ ሰዎች ይህን አስበውት አያውቁም። ኬንያ ውስጥም ሠራዊቱና ፖሊሱ ሯጭ ይቀጥራሉ፤ ግን ከዚያ በፊት ያለው የልጅነት ጊዜ በአብዛኛው በግል ካምፕና በግለሰብ እጅ የሚያልፍ ነው።

ክለቡ ግን የሚጠብቃት እስከተወሰነ ደረጃ ድረስ ነው። ልጅቱ ሰዓቷ ሲሻሻል ማናጀር ይመጣል፣ ውጭ አገር ትሮጣለች፣ ዶላር ይገባል፣ ከካምፕ ወጥታ ለገጣፎ ወይም ሰንዳፋ ቤት ትከራያለች። አሯሯጭ ትቀጥራለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቷ በክለቡ መዝገብ ላይ የለም። ባል አሰልጣኝም አሯሯጭም የሚሆንበት ቤት እኛ ጋም ብርቅ አይደለም። በዚህ ብዙ የሚያምር ትዳርም አይቻለሁ፤ ባሏን ተማምና የምትሮጥ፣ ባሏም ድሏን እንደ ራሱ የሚያከብር። መተማመኑን ማንም አይቃወምም። ችግሩ መተማመኑ ሲሰበር ልጅቱን የሚይዝ ሌላ ምንም ነገር አለመኖሩ ነው።

ሕጉ ከብዙዎቻችን ግምት የተሻለ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ የሚፈቀደው ከ18 ዓመት ጀምሮ መሆኑን ይደነግጋል። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረትም በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ይላል። ቤት ወይም መሬት ለመሸጥም የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። በኬንያ በ2013 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሕግ ግን ንብረቱን እንደየአስተዋጽኦው ያካፍላል፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2023 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ግማሽ ለግማሽ መካፈል የግድ አለመሆኑን አጽንቷል። ሆኖም የእኛ ሕግ የሚደርሰው በባልና በሚስት መካከል ላለው ነው። ቦታው በአሰልጣኙ ወንድም ስም ከተገዛ፣ ገንዘቡ የማናጀሩ ጓደኛ በሆነ ሰው ሂሳብ ከገባ፣ ልጅቱ የፈረመችበትን የእንግሊዝኛ ውል ማንም ካላነበበላት፣ የቤተሰብ ሕጉ ምን ያድርግላት? ሕግ ደግሞ ለከሰሰ ነው። የ19 ዓመት ልጅ፣ ከተማውን በቅጡ ያላወቀች፣ ወላጆቿን ከሩቅ የምትጦር፣ ማንን ከስሳ የት ትግባ?

አትሌቲክሳችንን ለስድስት ዓመት ያህል ደራርቱ ቱሉ መርታዋለች፤ ዛሬ የሚመራው ስለሺ ስህን የጥሩነሽ ባል ነው። የሴት ሯጭን ሕይወት ከውስጥ የሚያውቁ ሰዎች በፌዴሬሽኑ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው። ኬንያውያኑ እህታቸውን ከቀበሩ በኋላ የጀመሩትን እኛ ሳንቀብር መጀመር እንችላለን፤ ቪዮላና ጓደኞቿ ያዩትን ሊያካፍሉን ቅርባችን አሉ። ለመነሻ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ፌዴሬሽኑ የሴት አትሌትን የማናጀር ውል ሲመዘግብ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ተተርጉሞ እንዲነበብላት ያድርግ። ተደብድባ ወይም ተዝቶባት ለምትደውል ልጅ ከአሰልጣኞቿ መሥመር ውጭ የሆነ አንድ ስልክ ይኑር፤ የሚያነሳውም ሴት ትሁን። ከ18 ዓመት በታች ያለች ሯጭ ከክለብ ውጭ የምትኖርበትን ቤት ክለቡ ይወቅ፣ አልፎ አልፎም ይጎብኝ። የመጀመሪያው የሽልማት ገንዘብ ከመግባቱ በፊት ደግሞ፣ የባንክ ሂሳቡ በማን ስም እንደተከፈተና የሚስጥር ቁጥሩ በማን እጅ እንዳለ ልጅቱን ለብቻዋ አስቀምጦ የሚጠይቅ አንድ ሰው በየክለቡ ይመደብ።